የኢንሴምብል «ማፕ» ኤፒአይ፦ ለጥቂት ቦታ ሁነኛ ነው፣ ለብዙ ግን አድካሚ

አራት ኪሎም ሆነ ጥቁር አንበሳ አካባቢ የሰው ጂኖም ዳታ የሚነካ ሁሉ ይህ ጣጣ አይቀርለትም፤ በየፋይሉ ያለው የቦታ ቁጥር በቆየው በጂአርሲኤች37 (እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የሰው ጂኖም ማጣቀሻ እትም) ተቆጥሯል፣ በአዲሱ ደግሞ በጂአርሲኤች38 (እ.ኤ.አ. 2013)። የኢንሴምብል (የጂኖም መረጃ ቋት) ሬስት ኤፒአይ (ፕሮግራም በኢንተርኔት የሚጠይቀው አገልግሎት) ውስጥ ያለው «ማፕ» ቁጥሩን ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀይራል። ነፃ ነው፣ ምዝገባም አይጠይቅም።

መፈተኛው የሲክል ሴል ለውጥ ይሁን። በጂአርሲኤች37 11:5248232..5248232 (ክሮሞዞም፣ መነሻና መድረሻ) ብለው ሲልኩ 5227002 መመለስ አለበት። የዚህ ኤፒአይ ትልቁ ዋጋ ግን ሌላ ነው፤ የኤችቢቢን (ለውጡ ያለበትን ጂን) ትራንስክሪፕት ማለትም የአርኤንኤ ቅጂ መለያ ሰጥተው የኮዲንግ ክፍሉን (ወደ ፕሮቲን የሚተረጎመውን) 20ኛ የዲኤንኤ ፊደል ቢጠይቁት ያንኑ 5227002 ያመጣል። በፕሮቲን በኩል 7ኛውን አሚኖ አሲድ ቢጠይቁ ከ5227001 እስከ 5227003 ይላል። የድሮ መጻሕፍት 6ኛ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ መነሻውን ሜቲዮኒን ስለማይቆጥሩ።

ሰው የሚያጠፋው ሁለት ቦታ ላይ ነው። ኢንሴምብል ከ1 ይቆጥራል፣ የቤድ ፋይል (የጂኖም ቦታዎችን የሚዘረዝር የጽሑፍ ፋይል) መነሻ ግን ከ0። ቤድ ላይ 5248231 የሚለውን መነሻ 1 ሳይጨምሩ ከላኩት መልሱ በአንድ ፊደል ይስታል፣ የሚያስጠነቅቅም የለም። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ቦታው አዲሱ ጂኖም ላይ ከሌለ ስህተት አይልም፣ ባዶ ዝርዝር ይመልሳል። ስክሪፕቱ ባዶውን ዝም ብሎ ካለፈ መስመሩ ጠፍቶ ይቀራል። የገባውንና የወጣውን መስመር ሁልጊዜ ይቁጠሩ።

ገደቡ በሰከንድ 15፣ በሰዓት 55,000 ጥያቄ ነው። ካለፉ 429 (ጥያቄ በዛ የሚል የስህተት ቁጥር) ይመጣል፤ መልሱ ላይ «ሪትራይ አፍተር» የሚለውን ሰከንድ ያህል ጠብቀው ይቀጥሉ። አንድ ጥያቄ አንድ ክልል ብቻ ስለሚይዝ 100,000 ቦታ ቢያንስ ወደ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፣ ያውም ኢንተርኔቱ ሳይቆራረጥ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ይህንኑ ቅየራ በራስዎ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ፕሮግራም፣ የዩሲኤስሲ ሊፍትኦቨር ይሻላል። የቼይን ፋይሉ (የሁለቱ እትሞች ማዛመጃ) ትንሽ ነው፤ አንዴ ካወረዱት ያለ ኔትወርክ ይሠራል፣ ያልተሻገረውንም ከነምክንያቱ ለብቻው ይጽፋል። ክሮሞዞሙን «11» ብቻ ብለው ከሰጡት ግን ሁሉንም «ተሰርዟል» ብሎ ይጥለዋል፤ ፊቱ ላይ «ሲኤችአር» (chr) የሚሉትን ሦስት ፊደላት ይፈልጋል።

ሁለቱም የሚቀይሩት ቦታውን እንጂ ፊደሉን አይደለም። ሲሻገር ስትራንዱ (የዲኤንኤው ክር) ከተገለበጠ ኤውን ወደ ቲ፣ ሲውን ወደ ጂ መመለስ የእርስዎ ሥራ ነው።