ለጀማሪ የትኛው ሞተር ይሻላል? ኤክስቲዜድ 125፣ ኤክስአር 150፣ ኤጂ 200 ወይስ ዲቲ 125?

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ከወረዳው ከተማ ተነስቶ ሦስት አራት ቀበሌ ይዞራል። ግማሹ መንገድ አስፋልት ነው፤ ቀሪው ኮረኮንች ነው፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ጭቃ። "ሞተር ልገዛ ነው፣ ስንት ሲሲ ይሻላል?" አለኝ። መንዳት ገና እየተለማመደ ነው። "ሲሲውን፣ የሞተሩን ትልቅነት ማለቴ ነው፣ ለጊዜው ተወው። ኮርቻው ላይ ስትቀመጥ እግርህ መሬት ይነካል ወይ? ቢወድቅብህስ ብቻህን ታነሳዋለህ ወይ?" አልኩት።

ይህን ጥያቄ የሚጠይቁኝ ሰዎች ስለበዙ ልጽፈው አሰብኩ። ለአስፋልትም ለፒስታም ተብለው ከተሰሩት መካከል እኛ አገር ጀማሪ ዓይኑን የሚጥልባቸው አራት ናቸው፦ ያማሃ ኤክስቲዜድ 125፣ ሆንዳ ኤክስአር 150 ኤል፣ ያማሃ ኤጂ 200 እና ያማሃ ዲቲ 125። የእርዳታ ድርጅቶችና የግብርና ቢሮዎች ለዓመታት ሲጠቀሙባቸው ስለቆዩ ያገለገሉትም በየጊዜው ለጨረታ ይወጣሉ።

"በየመንደሩ የምናየው ተራው የባጃጅ ሞተር፣ ቦክሰር፣ ምን አጠፋ?" የሚል አይጠፋም። ምንም አላጠፋም። መንገዳችሁ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ፒስታ ከሆነ ቦክሰር ግዙ፤ መለዋወጫው በየከተማው አለ፣ የማያውቀው መካኒክም የለም። እኔ የማወራው ድንጋይ ለሚዘል፣ ወንዝ ለሚሻገርና ጭቃ ለሚገባ ሰው ነው።

ከዲቲ ልጀምር፤ ብዙ ወጣት የሚመኘው እሱን ነውና። ቀላል ነው፣ ባለ 6 ማርሽ ነው፣ ሲነሳም ልብ ያሞቃል። ግን ቱ ስትሮክ ነው፤ ዘይትን ከነዳጅ ጋር አብሮ የሚያቃጥል ሞተር ማለት ነው። ነዳጅ ቀስ ብላችሁ ስትሰጡት ዝም ይልና ዙሩ ከፍ ሲል ባንዴ ይፈተለካል። እጁ ገና ያልለመደ ሰው ጠጠር ላይ ይህ ሲመጣበት የኋላ ጎማው ይከዳዋል። ከዚያ የባሰው ቁልቁለቱ ነው። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የወረደ ሰው ይገባዋል። እንደ ሌሎቹ ሦስቱ ያለ ፎር ስትሮክ ሞተር በሁለተኛ ማርሽ ነዳጁን ለቀቅ ስታደርጉለት ራሱ ይዞ ያወርዳችኋል። ዲቲ ግን ይለቃችኋል፤ ያላችሁ ፍሬን ብቻ ነው። ዘይቱም ለብቻው የሚሞላ ነው። መሙላት ከረሳችሁ ፒስተኑ ይጣበቅና የኋላ ጎማው እየሄዳችሁ ይታሰራል። ለለመደ ሰው ግሩም ሞተር ነው፤ ለመጀመሪያ ግን በፍጹም አልመክርም።

እውነተኛው ምርጫ በኤክስቲዜድና በኤክስአር መካከል ነው። ሁለቱም ፎር ስትሮክ፣ በነፋስ የሚቀዘቅዙ፣ ባለ 5 ማርሽ ናቸው። ፊት ዲስክ (ክብ ብረት ቆንጥጦ የሚይዝ)፣ ኋላ ታምቡር (ጎማው መሃል ውስጥ የተዘጋ) ፍሬን አላቸው። ወረቀት ላይ ስታዩአቸው መንታ ይመስላሉ። መንገድ ላይ ግን ይለያያሉ።

የመጀመሪያው ልዩነት የፊት ጎማው ነው። የኤክስቲዜድ 21 ኢንች ነው፤ የኤክስአር 19። ትልቁ ጎማ ድንጋይና ጉድጓድ ላይ በቀላሉ ይወጣል፤ ትንሹ ደግሞ አስፋልት ላይ ይረጋል፣ ሲታጠፍም ይታዘዛል። ከጉዟችሁ አብዛኛው ኮረኮንች ከሆነ የኤክስቲዜድን ጥቅም በመጀመሪያው ቀን ታዩታላችሁ።

ሁለተኛው ከፍታ ነው። ሰው ብዙም አያስበውም። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አስረኛ ገደማ ያጣል፤ አየሩ ይሳሳልና። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። እዚያ 125 ሲሲ የሚለው ጽሁፍ ሩብ ያህሉን ቆላ ጥሎ እንደመጣ ቁጠሩት። ብቻችሁን ከሆናችሁ ኤክስቲዜድ ይበቃችኋል። ከኋላ ሰው ጭናችሁ ዳገት የምትወጡ ከሆነ ግን የኤክስአር ተጨማሪ 25 ሲሲ ትልቅ ነገር ነው። ቆላ ላይ የተስተካከለ ካርቡራተር ደጋ ሲወጣ ደግሞ ነዳጅ ያበዛል። ካንዴላውን ፈትታችሁ ጥላሸት ከለበሰ መካኒኩ ያስተካክለው፤ ሞተሩ ተበላሽቷል ብላችሁ አትደንግጡ።

ሦስተኛው ቁመትና ክብደት ነው። የኤክስቲዜድ ኮርቻ ከመሬት 84 ሳንቲሜትር ነው፤ ኤክስአር ትንሽ ዝቅ ይላል። በክብደት ግን ኤክስአር ይበልጣል፤ ነዳጅ ሞልቶ ወደ 130 ኪሎ ይጠጋል። እንግዲህ አንዱ ለእግር፣ ሌላው ለክንድ ይቀልላል። ይህን በወሬ አትወስኑ፤ ሞክሩት።

እኔና የአክስቴ ልጅ የሞከርነው እንዲህ ነው። ሻጩን አስፈቅደን ሞተሩን ሣር ላይ ቀስ ብለን አስተኛነው። ልጁ መጀመሪያ መሪውን ይዞ በወገቡ ሊጎትት ሞከረ፤ ንቅንቅ አላለም። "ጀርባህን ስጠው" አልኩት። ዞሮ ቂጡን ኮርቻው ላይ አስደገፈ፣ ባንድ እጁ መሪውን፣ በሌላው የኋላ ብረቱን ያዘ፣ ከዚያ በእግሩ እየገፋ ወደ ኋላ ሄደ። ኤክስቲዜዱ ተነሳ። ኤክስአሩንም አነሳው፤ ግን በሁለተኛው ሙከራ፣ ያውም አልቦት። አሁን ይህንኑ ጭቃ ውስጥ፣ አመሻሽ ላይ፣ የክትባት ሳጥን ጭኖ ሲያደርገው አስቡት።

ኤጂ 200 ለብቻው የሚታይ ነው። ለእርሻ ስራ የተሰራ ስለሆነ ውበት አትፈልጉበት። ካቴናው በሽፋን ተዘግቷል፤ ጭቃና አቧራ አይበላውም። ፊትም ኋላም መጫኛ አለው። ማቆሚያውም በግራም በቀኝም ነው፤ ተዳፋት ላይ በፈለጋችሁት በኩል ታቆሙታላችሁ። የአዲስ አበባ ልጅ ቢስቅበትም የወረዳ ሰው ዋጋውን ያውቃል። ፍሬኑ ፊትም ኋላም ታምቡር ነው። ወንዝ ከተሻገራችሁ በኋላ ውሃው እስኪወጣለት በደንብ አይዝም፤ ትንሽ መንገድ ፍሬኑን ነካ እያደረጋችሁ ማድረቅ አለባችሁ። በሌላ በኩል ጀማሪን ጠጠር ላይ የሚጥለው ደንግጦ የፊት ዲስክን ጭምድድ ሲያደርግ ነው፤ ታምቡር ለዚህ ስህተት ይራራል። በየቀኑ ከባድ ዕቃ የምትጭኑ ከሆነ ኤጂን ከሁለቱም አስቀድሙ።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ለሻጩ "ከመምጣቴ በፊት እንዳታስነሳው" በሉት። ስትደርሱ መጀመሪያ ሞተሩን በእጃችሁ ንኩ። ከሞቀ አንድ የሚደብቀው ነገር አለ ማለት ነው፤ ብርድ ላይ እምቢ የሚል ሞተር በሙቅ ይታዘዛል። ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት እየበላ ነው። የጎማውን ሽቦዎች አንድ በአንድ በእስክሪብቶ መታ መታ አድርጉ፤ የጠበቀው ይጮሃል፣ የላላው ድምጹ ይታፈናል። ከመሪው ስር ሻሲው ላይ ብየዳ ካያችሁ በሰላም ተሰናበቱ። የሞተርና የሻሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር በዓይናችሁ አመሳክሩ፣ "ያው ነው" ሲባል አትመኑ። አዲስ አበባ ውስጥ ለመንዳት የምታስቡ ደግሞ ብር ከመክፈላችሁ በፊት የፈቃዱን ጉዳይ ጨርሱ። ከተማዋ ከ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞተር እንቅስቃሴን በፈቃድ አድርጋለች።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ያላችሁን ብር ሁሉ ሞተሩ ላይ አትጨርሱ። አገጭ የሚሸፍን ሄልሜት፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማና ጓንት መጀመሪያ ግዙ፤ በተረፈው ሞተር ፈልጉ። ለዚህ ሲባል አዲሱን ትታችሁ ያገለገለ ብትወስዱ ምንም አይደለም።

የአክስቴ ልጅ ቁመቱ 1.66 ነው፤ ከኋላ ሰው አይጭንም፣ የሚይዘው የክትባት ሳጥንና ቦርሳ ነው። ያገለገለ ኤክስቲዜድ ወሰደ፤ ከኋላ መጫኛ አሰራበት። ለሁለት ሳምንት ጠዋት ጠዋት ኳስ ሜዳ ላይ ስምንት ቁጥር እየሰራ ተለማመደ፤ ከዚያ ነው መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ ቀበሌ የወጣው። ሐምሌ ላይ ደወለልኝ። ወንዝ ዳር ጭቃ ላይ ወድቆ ነበር። "ጀርባዬን ሰጠሁት፣ ተነሳ" አለኝ።