የመስታወት ሰብ ኮንትራክተር ለቅንጡ ቤት፦ የትኛው አሠራር ለየትኛው ሥራ?

ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ ተንሸራታች በር፣ ፍሬም የሌለው ሻወር፣ የደረጃ ሃንድሬል፣ ከላይ ብርሃን የሚያስገባ ጣሪያ። ቅንጡ ቤት ውስጥ መስታወት የማይገባበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ይህን በጥራት የሚሠሩ ሰብ ኮንትራክተሮች (ከዋና ተቋራጩ ሥር ሆነው አንድ ሥራ የሚይዙ ባለሙያዎች) ግን ብዙ አይደሉም። ግንባታ ሲደራ ሁሉም አሠሪ የሚሻማው እነዚያኑ ጥቂቶች ነው። "ቤቱ ሲደርስ እንጠራቸዋለን" ያለ ሰው ቤቱ ደርሶ መስታወቱን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ወደ ንጽጽሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንያዝ። ቴምፐርድ መስታወት ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቅና በአየር ግፊት በፍጥነት ይቀዘቅዛል። ጥንካሬውን የሚያገኘው በዚህ ነው። አንዴ ከምድጃ ከወጣ በኋላ ግን አይቆረጥም፣ አይበሳም። እንደ ጣውላ ትንሽ ላግ አድርጎ ማስገባት የለም። ልኩ ከሳተ ያለው መፍትሔ እንደገና ማዘዝ ነው። ፋብሪካው ሥራ በበዛበት ጊዜ ደግሞ እንደገና ማዘዝ ማለት ወረፋውን ከመጨረሻ መጀመር ነው። ከታች ያሉትን አማራጮች ሁሉ የምመዝነው በዚህ ነው።

በዲዛይን ጊዜ ማስገባት ወይስ ስትራክቸሩ ከቆመ በኋላ ጨረታ?

ባለሙያውን ገና በዲዛይኑ ጊዜ ማስገባት ትልቁ ጥቅሙ ክብደትና መጠን ላይ ነው። መስታወት በካሬ ሜትር፣ በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት 2.5 ኪሎ ግራም ይመዝናል። 3 ሜትር በ2.5 ሜትር የሆነ፣ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ሁለት መስታወቶች የተጣበቁበት ላሚኔትድ ይውሰዱ። ወደ 450 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይህን በሰው ትከሻ ሁለተኛ ፎቅ ማውጣት አይታሰብም። ክሬን ያስፈልጋል፤ ክሬኑ የሚቆምበት ቦታም ያስፈልጋል። ያ ቦታ ላይ አትክልት ተተክሎ ወይም አጥር ተሠርቶ ከሆነ ነገሩ ይበላሻል።

አርክቴክቱ ደግሞ አንዳንዴ ፋብሪካ የማያወጣውን መጠን ይሥላል። የተለመደው ትልቁ ጥሬ መስታወት 6 ሜትር በ3.21 ሜትር ነው። ከዚያ ያለፈውን የሚሠሩ ፋብሪካዎች ጥቂት ስለሆኑ ጊዜውም ዋጋውም ሌላ ነው። ይህን በወረቀት ላይ የሚያይልዎ ሰው ካለ መስመሩን በእርሳስ ማስተካከል ይቻላል። ሶሌታው ከተሞላ በኋላ ግን በመዶሻ ነው። የተንሸራታች በሩ ሐዲድ ወለሉ ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ ጎድጓዳው መተው ያለበት፣ የውሃ መውጫውም መታሰብ ያለበት ሶሌታው ከመሞላቱ በፊት ነው። ከላይ ያለው ቢም ምን ያህል ሊጎብጥ እንደሚችልም ለመስታወት ባለሙያው መነገር አለበት። ቢሙ ጎብጦ በሩን ከተጫነው በሩ አይንሸራተትም።

ጉዳቱስ? ዋጋ ማወዳደር ይከብዳል። ባለሙያው ሥዕሉ ሳያልቅ የሚሰጠው ዋጋ ግምት ነው፤ ኋላ ላይ ሲጨምር "ሌላ ሰው የለኝም" ብለው ይቀበሉታል። እኔ የምመክረው የዲዛይን ምክሩን ለብቻው ከፍሎ ሥዕሉን የራስ ማድረግ ነው። ዋጋው ካልተስማማዎ ሥዕሉን ይዘው ሌላ ዘንድ መሄድ ይችላሉ።

ዘግይቶ ጨረታ ማውጣት በተቃራኒው ዋጋውን ጥርት አድርጎ ያሳያል። ሁሉም በአንድ ሥዕል ላይ ነው የሚወዳደረው። ችግሩ ቀን ነው። ጨረታው፣ ሾፕ ድሮዊንጉ (ለምርትና ለገጠማ የሚሣለው ዝርዝር ሥዕል)፣ ማጽደቁ፣ ምርቱ ተራ በተራ ይመጣሉ፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይጀምርም። ደግሞም ገበያው በደራበት ጊዜ "ነገ እጀምራለሁ" የሚል ካገኙ ለምን ሥራ ፈትቶ እንደተገኘ መጠየቅ አለብዎ። ምናልባት አንድ ሥራ ተሰርዞበት ይሆናል፤ ይህ ጥሩ ዕድል ነው። ካልሆነ ግን በቅርብ የሠራውን ቤት ሄደው ይዩ።

ስለዚህ ለትልልቅ በሮች፣ ለጣሪያ መስታወትና ለሃንድሬል ያለ ማመንታት ቀድሞ ማስገባትን እመርጣለሁ። ለመደበኛ መስኮትና ለፊት ማያ መስታወት ጨረታው ይበቃል።

አንድ ድርጅት ወይስ የተለያዩ ባለሙያዎች?

አንድ ድርጅት ሁሉንም ሲይዝ ተጠያቂው አንድ ነው። ውሃ ቢያፈስ "የኔ አይደለም" የሚል አይኖርም። ግን ይህ እውነት የሚሆነው ራሱ ሲሠራው ነው። የሕንፃ የውጪ ግድግዳ መስታወት የሚሠራ ትልቅ ድርጅት ሻወሩን ለሌላ ሰው አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል። የትኛውን በራሱ ሠራተኛ እንደሚገጥም በጽሑፍ ይቀበሉ።

የተለያዩ ባለሙያዎች በየሙያቸው የተሻሉ ናቸው። ያለ አስተባባሪ ግን መጋጠሚያው ላይ ይጣላሉ። ሲሊኮኑን ማን ይሞላል? የውሃ መከላከያውን ማን ይቀጥላል? ዋና ተቋራጩ ይህን በየቀኑ የሚከታተል ሰው ከሌለው ይህን መንገድ ባይሞክሩት ይሻላል።

መካከለኛው መንገድ ለሁለት መክፈል ነው፤ የውጪውን ለአንድ፣ የውስጡን ለሌላ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የውጪው መስታወት ካልገባ ጂፕሰም፣ የእንጨት ወለልና ቀለም መጀመር አይችሉም፤ ዝናብና አቧራ ያበላሻቸዋል። ሻወርና ፊት ማያ መስታወት ደግሞ ቤቱ ሊያልቅ ሲል ይመጣሉ። የሁለቱ የሥራ ቀን እምብዛም አይገናኝም። አንዱ ቢዘገይ ሌላውን ይዞት አይወድቅም።

በተሠራው ክፍት ላይ መለካት ወይስ በተረጋገጠ ልክ ማዘዝ?

ጊዜ የሚተርፈውም የሚባክነውም በብዛት እዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያው መንገድ ግድግዳው ያልቃል፣ ባለሙያው መጥቶ ይለካል፣ ከዚያ ይታዘዛል። ልኩ አስተማማኝ ነው። ነገር ግን ምርቱ እስኪደርስ ቤቱ አፉን ከፍቶ ይቆያል። በፕላስቲክ ሸፍኖ መጠበቅ ነው።

በሁለተኛው መንገድ ዋና ተቋራጩ "ክፍቱ ይህን ያህል ይሆናል" ብሎ ይፈርማል። መስታወቱ ግድግዳው ገና እየወጣ ሳለ ይታዘዛል። ሳምንታት ይተርፋሉ። ግድግዳው ከተፈረመው ልክ ከወጣ ኪሳራው የዋና ተቋራጩ ነው። ስለዚህ ስንት ሚሊ ሜትር ልዩነት እንደሚፈቀድ ውሉ ላይ ይግባ። ጠንቃቃ ፎርማኖች የብረት ፍሬም ቀድመው ያቆሙና ግንቡን በእሱ ዙሪያ ያስገነባሉ፤ ያኔ ስሕተት ይቀንሳል። ለውጪ በርና መስኮት፣ ፎርማኑ ቱንቢና ውሃ ልክ የማይለቅ ሰው ከሆነ፣ ይህን መንገድ እወደዋለሁ።

ለሻወር ግን በፍጹም! ፍሬም የሌለው ሻወር ብዙ ጊዜ 10 ወይም 12 ሚሊ ሜትር ቴምፐርድ ነው፤ በበሩና በግድግዳው መካከል የሚተወው ክፍተት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የሴራሚኩና የማጣበቂያው ውፍረት፣ የግድግዳው መዛነፍ ሁሉ ልኩን ይለውጡታል። ሴራሚኩ ተለጥፎ መጋጠሚያው ከተሞላ በኋላ ይለካ። ቀድሞ መደረግ ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው። ማጠፊያው የሚታሰርበት ግድግዳ ባዶ ጂፕሰም ከሆነ ውስጡ ማጠናከሪያ ይግባበት።

ሃንድሬል በመሃል ይገኛል። መስታወቱን የሚይዘው የብረት ወይም የአሉሚኒየም ቻናል ከወለል ንጣፉ በፊት ይታሰራል፤ መስታወቱ የሚለካው ቻናሉ ከታሰረ በኋላ ነው። ከፍታው የሚቆጠረው ካለቀው ወለል ስለሆነ እብነ በረዱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ያን ጊዜ መታወቅ አለበት። በኤሌክትሪክ የሚደበዝዝ መስታወት ካሰቡም ሽቦው ግድግዳው ሳይዘጋ ይሳብ።

የቃል ተስፋ ወይስ ቅድሚያ ክፍያ?

የቃል ተስፋ አያስከፍልም፤ ግን ማንንም አያስርም። ባለሙያው ትልቅ ሥራ ሲመጣለት እርስዎን ወደ ኋላ ይገፋዎታል። ቅድሚያ ክፍያ የተሻለ ነው፤ ግን ምን እንደሚገዛልዎ ይጠይቁ። ሁለት ወረፋዎች አሉ፦ የፋብሪካውና የገጣሚዎቹ። ብዙ አሠሪ የመጀመሪያውን ብቻ ያስይዛል። መስታወቱ ይደርሳል፤ ገጣሚዎቹ ሌላ ሳይት ላይ ናቸው። ክፍያውን ለሾፕ ድሮዊንግ፣ ለትዕዛዝ፣ ለርክክብና ለገጠማ ይከፋፍሉት። ለትዕዛዙ ሲከፍሉ ፋብሪካው ትዕዛዙን መቀበሉን የሚገልጽ ወረቀት ይጠይቁ።

መስታወት ቀድሞ ሳይት መድረሱም ትርፍ አይደለም። ቆሞና ደርቆ መቀመጥ አለበት። የብየዳ ፍንጣሪ ላዩን ያቆስለዋል፤ ከኮንክሪት የሚፈስ ውሃም የማይለቅ ጠባሳ ይተውበታል።

በመጨረሻ ስለ መሰበር ይነጋገሩ። ቴምፐርድ መስታወት ውስጡ በቀረ የኒኬል ሰልፋይድ ቅንጣት ምክንያት ማንም ሳይነካው ሊፈነዳ ይችላል። ይህን ለመቀነስ ፋብሪካው እንደገና ወደ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እያሞቀ ይፈትነዋል፤ ደካማው እዚያው ይሰበራል። ፈተናው ጊዜና ገንዘብ ይጨምራል፤ ለጣሪያና ለሃንድሬል ግን ያስፈልጋል። ለተጠማዘዘ ወይም በጣም ለትልቅ መስታወት ደግሞ ከመጀመሪያው አንድ መጠባበቂያ አብሮ ማዘዝ ይሻላል። መጠባበቂያው የት እንደሚቀመጥ፣ በገጠማ ጊዜ ቢሰበር ማን እንደሚተካና በስንት ቀን እንደሚተካ ከፊርማው በፊት ውሉ ላይ ይስፈር።