ለፖድካስት ድምፅ ቅንብር፦ ኦዳሲቲ፣ ሪፐር ወይስ አዶቢ ኦዲሽን?

ለፖድካስት የሚሆን የድምፅ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር የሚመርጥ ሰው ለሙዚቃ ቀረጻ በሚያገለግሉ መለኪያዎች ከተመራ፣ ለማይጠቀምበት ነገር ገንዘቡን ሊያወጣ ይችላል። የንግግር ዝግጅት የሚፈልገው ጥቂት ነገር ነው፤ የእያንዳንዱን ተናጋሪ ድምፅ ለብቻው በትራክ (በራሱ የድምፅ መስመር) መያዝ፣ የማያስፈልገውን ቆርጦ የቀረውን ሳያዛንፉ ማስጠጋት፣ ጫጫታውን መቀነስና የድምፁን ከፍታ ለስርጭት በሚስማማ ልክ ማውጣት።

በዋጋ በኩል ልዩነታቸው ሰፊ ነው። ኦዳሲቲ ያለምንም ክፍያ ይገኛል። ሪፐር ምንም ሳይቀነስበት ለ60 ቀናት የሚሞከር ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለግል ተጠቃሚና ዓመታዊ ገቢው ከ20,000 ዶላር ላልበለጠ ድርጅት 60 ዶላር፣ ከዚያ በላይ ገቢ ላለው የንግድ ተቋም ደግሞ 225 ዶላር ይከፈልበታል፤ ክፍያውም ወርኃዊ አይደለም። ኦዲሽን የሚገኘው በደንበኝነት ብቻ ነው፤ በአሜሪካ የዓመት ውል የገባ ሰው በወር 23 ዶላር ገደማ ይከፍላል፣ ክፍያው ሲቋረጥም ሶፍትዌሩ መሥራቱን ያቆማል። ዋሽንግተን ዲሲ ለሚኖር አዘጋጅ ጉዳዩ የገንዘቡ መጠን ብቻ ሊሆን ይችላል፤ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ተቀምጦ በየወሩ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ለሚኖርበት ግን ከመጠኑ ይልቅ የክፍያው መደጋገም ይከብዳል።

ትልቁ የሥራ ልዩነት የሚታየው ሙዚቃና ንግግር ሲገናኙ ነው። ኦዳሲቲ ኢፌክትን፣ ማለትም ድምፁን የሚለውጥ ማስተካከያን፣ በድምፁ ላይ በቋሚነት ያትማል እየተባለ ለዓመታት ሲነቀፍ ቆይቷል፤ በ2022 የወጣው 3.2 እትም ኢፌክቶች ድምፁ እየተሰማ እንዲስተካከሉ በማድረጉ ወቀሳው በአብዛኛው ቀርቷል። ሆኖም ንግግር ሲጀመር ሙዚቃውን ዝቅ የሚያደርገው አውቶ ዳክ አሁንም ለውጡን በሙዚቃው ላይ ስለሚጽፍ፣ በኋላ አንድ ዐረፍተ ነገር ቢቆረጥ ወይም ቢዛወር ሥራው እንደገና መሠራት አለበት። በሪፐር ግን የሙዚቃው ትራክ የንግግሩን ትራክ እንዲከተል አንድ ጊዜ ከተገናኘ፣ ንግግሩ የትም ቢዛወር ሙዚቃው ራሱ ዝቅ ይላል። ይህን አቀማመጥ እንደ ቴምፕሌት አስቀምጦ በየክፍሉ መጠቀም ስለሚቻል፣ በየሳምንቱ ለሚያሰራጭ ሰው የሚቆጥበው ጊዜ በእኔ ግምት ብቻውን 60 ዶላሩን ያዋጣል።

ጫጫታን በማጽዳት ረገድ ኦዲሽን ይበልጣል። ድምፁን በስዕል መልክ ስለሚያሳይ፣ በቃለ መጠይቅ መካከል የገባ የታክሲ ጥሩምባ ወይም ሳል በዓይን ተለይቶ ከንግግሩ ሥር ሊነሳ ይችላል። ኦዳሲቲም ተመሳሳይ እይታ አለው፤ መሣሪያዎቹ ግን ያን ያህል የረቀቁ አይደሉም። የትኛውንም ቢመርጡ በአማርኛ ንግግር ላይ ጫጫታ መቀነሻን ማብዛት ጉዳት አለው፤ ጠ፣ ቀ እና ጨ ከአጭር ዝምታ በኋላ በድንገት የሚፈነዱ ድምፆች በመሆናቸው፣ ዘግይቶ የሚከፈት ጌት (ድምፁ ከተወሰነ ከፍታ ሲያንስ የሚዘጋ ጫጫታ መቀነሻ) መነሻቸውን ይቆርጠዋል። በቃል መጨረሻ ላይ የሚለዝቡት ሳድስ ድምፆችም አብረው ይጠፋሉ።

በድምፅ ከፍታ ረገድ ሦስቱም ያደርሳሉ። አፕል ለፖድካስት የሚመክረው −16 ኤልዩኤፍኤስ (ጆሮ የሚሰማው የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ሲሆን፣ ኦዲሽንና ሪፐር ፋይሉን በዚሁ ልክ ማውጣት ይችላሉ፤ ኦዳሲቲም ከፍታውን በተፈለገው ልክ የሚያስተካክል የላውድነስ ኖርማላይዜሽን ኢፌክት አለው፣ ቁጥሩን ግን ራስዎ ወደ −16 መለወጥ ይኖርብዎታል።

ብቻውን የሚናገር ወይም ገና የሚጀምር ሰው በኦዳሲቲ ቢጀምር የሚጎድልበት ብዙ የለም። እንግዳ እየጋበዘ፣ መግቢያ ሙዚቃ እያስገባ በቋሚነት ለሚሠራ ሰው ምርጫዬ ሪፐር ነው፤ መጫኛ ፋይሉ በጣም ትንሽ በመሆኑ በዝግተኛ ኢንተርኔት ይወርዳል፣ ያረጀ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። ለመልመድ ግን ከኦዳሲቲ ይበልጥ ትዕግሥት ይጠይቃል። ኦዲሽንን የምመክረው ለቪዲዮ ሥራ የአዶቢን ሙሉ ጥቅል አስቀድሞ ለሚከፍል ሰው ነው፤ ኦዲሽን በጥቅሉ ውስጥ ስለሚካተት ተጨማሪ ወጪ አይኖርበትም።