ስካላፓክን ሁለት ወር ተጠቀምኩበት፣ ለማን እንደሚሆን ልንገራችሁ

እኔ ስጀምር በአማርኛ የሚያስረዳኝ ሰው ፈልጌ አጥቻለሁ፣ ስለዚ ያየሁትን ሳልጽፍ ብቀር ቅር ይለኛል።

ለማታውቁት፣ ላፓክ የሚባል የሊኒየር አልጀብራ (የማትሪክስና የእኩልታ ስሌት) ላይብረሪ፣ ማለትም የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ፣ አለ አይደል፣ ስካላፓክ እሱኑ ብዙ ኮምፒውተር ላይ ተከፋፍሎ እንዲሰራ አድርገው የጻፉት ነው። ላፓክ በ1992 እ.ኤ.አ. ወጣ፣ ስካላፓክ ደሞ በ1995፣ የሰሩት ቴነሲ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሌይ እና ኦክ ሪጅ ላብ ያሉ ሰዎች ናቸው፣ ከነሱ አንዱ የ2021ን የቱሪንግ ሽልማት ያገኘው ጃክ ዶንጋራ ነው። ዋጋው ነጻ ነው፣ ኡቡንቱ ላይ ፓኬጅ ስላለው መጫኑ አያስቸግርም።

የኔ ስራ ባውንደሪ ኤለመንት ነው (የአንድን ነገር ጠርዝ ብቻ ቆራርጦ ወደ እኩልታዎች የሚቀይር የስሌት ዘዴ)፣ ማትሪክሱ ዜሮ የማይበዛበት ሙሉ ማትሪክስ፣ 60,000 በ60,000። አንዱ ቁጥር 8 ባይት ስለሆነ ማትሪክሱ ብቻውን 28.8 ጊጋባይት ይበላል። ያሉኝ ማሽኖች እያንዳንዳቸው 32 ጊጋ ራም ነው ያላቸው፣ ሲስተሙ የራሱን ከወሰደ በኋላ መተንፈሻ የለም። 4 ማሽን ላይ ሲከፋፈል ግን ለአንዱ የሚደርሰው 7.2 ጊጋ ነው፣ እያንዳንዱ 16 ኮር አለው፣ በድምሩ 64 ኮር ማለት ነው። ስሌቱ ራሱ ወደ 144 ትሪሊዮን ኦፕሬሽን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ይሄን ላይብረሪ የወደድኩትም የተሰቃየሁበትም በአንድ ነገር ነው፣ በማትሪክሱ አከፋፈል። ደቦ ወጥታችሁ የምታውቁ ቶሎ ይገባችኋል። ማሳውን አራት ሰፋፊ ቦታ ከፍላችሁ ለያንዳንዱ ቡድን አንድ አንድ ሰጣችሁ እንበል፣ ስራው ደሞ ከአንድ ጥግ ተጀምሮ ወደ ሌላው ጥግ እየጠበበ የሚሄድ ነው፣ የመጀመሪያው ጥግ የደረሰው ቶሎ ጨርሶ ዛፍ ስር ይቀመጣል፣ የመጨረሻው የደረሰው ግን ብቻውን እስከ ማታ ይለፋል። ኤልዩ የሚባለው የእኩልታዎች አፈታት እንደዛ ነው፣ ከላይ ከግራ ጀምሮ ይሄዳል፣ በየደረጃው የሚቀረው ማትሪክስ እያነሰ ይመጣል። ስካላፓክ ታዲያ ማትሪክሱን በትንንሽ ካሬ ይቆርጥና ካርታ እንደሚታደለው በዙር በዙር ያድለዋል፣ በረድፍም በአምድም፣ እና እስከ መጨረሻው ድረስ ሁሉም እጅ ላይ ስራ አለ ማለት ይቻላል። ይሄ ሲገባኝ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ቶፕ500 የሚባለው ዝርዝር ሱፐርኮምፒውተሮችን የሚያወዳድርበት ኤችፒኤል የሚባለው ፕሮግራምም የሚያከፋፍለው በዚሁ መንገድ ነው። ካሬው ስንት በስንት ይሁን ለሚለው እኔ 64 ላይ ረግቻለሁ፣ በጣም ካነሰ መልእክት መላላኩ ይበዛል፣ ከስር መሰረታዊውን የማትሪክስ ስሌት የሚሰራው ብላስ የሚባለው ላይብረሪም ካሹን (የፕሮሰሰሩን ፈጣን ሚሞሪ) በደንብ አይጠቀምበትም፣ በጣም ከተለቀ ደሞ ያ የደቦው ችግር ተመልሶ ይመጣል።

ችግሩ ይሄን ሁሉ የምትነግሩት እናንተ ናችሁ። ለያንዳንዱ ማትሪክስ 9 ቁጥር ያለበት ዴስክሪፕተር መሙላት አለባችሁ፣ ስንት ረድፍ፣ ስንት አምድ፣ ካሬው ስንት በስንት፣ የመጀመሪያው ካሬ ማን ጋር ነው፣ ምናምን። ለያንዳንዱ ፕሮሰስ (ስራውን ከሚካፈሉት የፕሮግራሙ ቅጂዎች ለአንዱ፣ እኔ ጋ በአንድ ኮር አንድ) ስንት ረድፍ እንደሚደርሰው የምታሰሉት ነምሮክ በሚባል ፈንክሽን ነው፣ እሱን በጭንቅላት ለማስላት እንዳትሞክሩ። ስህተት ስትሰሩ የሚመልሰው መልእክት ቁጥር ነው። እኔን -606 ብሎኝ ግማሽ ቀን አሳልፌያለሁ፣ ለካ 6ኛው ግብአት ውስጥ 6ኛው ቁጥር ተበላሽቷል ማለቱ ነው፣ ካሬውን 64 በ32 አድርጌው ነበር፣ እኩልታዎቹን የሚፈታው ፒዲጂኢኤስቪ የሚባለው ፈንክሽን ደሞ የካሬው ቁመትና ወርድ እኩል ካልሆነ አይቀበልም። አነባበቡን አንዴ ካወቃችሁት ግን ቁጥሩ ራሱ ቦታውን በትክክል ይነግራችኋል።

ከዚህ የባሰው ምንም ሳይናገር የሚያሳስተው ነው። ስካላፓክ በብዛት የተጻፈበት ቋንቋ ፎርትራን ማትሪክስን ሚሞሪ ላይ የሚያስቀምጠው በአምድ በአምድ ነው፣ እኔ በሲ ስለምጽፍ በረድፍ በረድፍ ሞላሁት። መሞከሪያዬ ሲሜትሪክ ማትሪክስ (ረድፉና አምዱ ቢቀያየር የማይለወጥ) ነበር፣ እሱ ደሞ በ1 ፕሮሰስ ሲሆን በየትም ብትሞሉት ያው ነው፣ ስለዚ ልክ መጣ። 64 ፕሮሰስ ላይ ትክክለኛውን ስራ ስሰጠው የስህተት ቁጥሩ፣ ኢንፎ የሚባለው፣ 0 ይላል፣ ማለትም ሰላም ነው፣ መልሱ ግን የማይሆን። ሶስት ቀን ፈጀብኝ። ያገኘሁት መልሱን መልሼ በማትሪክሱ አባዝቼ ከእኩልታው ቀኝ ጎን ጋር ሳስተያየው ነው። እባካችሁ ይሄን ቼክ ከመጀመሪያው ቀን አስገቡት፣ እና መሞከሪያችሁ ሲሜትሪክ አይሁን፣ ቢያንስ 2 በ2 ፕሮሰስ ላይ ሞክሩት። ፒዲጂኢኤስቪ ማትሪክሱን ራሱ ላይ ስለሚጽፍበት ቅጂ ያስፈልጋችኋል፣ ወይ እንደኔ ከፎርሙላ የሚመጣ ከሆነ እያንዳንዱ ፕሮሰስ የራሱን ካሬዎች እንደገና ያስላ። አንድ ፕሮሰስ ላይ ሙሉውን ሰርቶ ማከፋፈልማ ፈጽሞ አይሞከርም፣ 28.8 ጊጋው እዛው ይደፋዋል።

ፍጥነቱን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠብቄ አቋርጬዋለሁ። ጥፋቱ የስካላፓክ አልነበረም። ከስር ያለው ኦፕንብላስ (የብላስ አንዱ ዓይነት) ለያንዳንዱ ፕሮሰስ 16 ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ የስራ ክር) ይከፍት ነበር፣ አንድ ማሽን ላይ 16 ፕሮሰስ አለ፣ 256 ትሬድ በ16 ኮር ላይ ይጋፋል ማለት ነው። የትሬዱን ቁጥር 1 ሳደርገው በ10 ደቂቃ አካባቢ ጨረሰ። ኔትወርኬ ተራ 1 ጊጋቢት ኢተርኔት ስለሆነ 64ቱን ፕሮሰሶች በረድፍና በአምድ ከ8 በ8 ይልቅ 4 በ16 አድርጌ ስደረድራቸው ትንሽ ተሻለኝ፣ እናንተ ጋ ሁለቱንም ለክታችሁ እዩ።

የጎደለው ነገር ጂፒዩ አይጠቀምም፣ ለዛ ቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ያሉት በሲ ፕላስ ፕላስ የጻፉት ስሌት (SLATE) የሚባል ተተኪ አለ። ሌላው ደሞ መሀል ላይ ሴቭ የሚያደርግበት መንገድ የለውም፣ አንድ ማሽን ከጠፋ ሁሉም ይጠፋል፣ መብራት በሚሄድበት ሰፈር የምትሰሩ ዩፒኤስ ሳይኖር አትጀምሩ።

ማትሪክሳችሁ አብዛኛው ዜሮ ከሆነ ስካላፓክን ተዉት፣ ለእንደዛ ዓይነት ማትሪክስ የሚሆነውን ፔትሲ (PETSc) የሚባለውን ላይብረሪ እዩ። ሙሉ ሆኖ አንድ ማሽን ላይ የሚገባላችሁ ከሆነ ደሞ ላፓክ ከኦፕንብላስ ጋር ይበቃችኋል፣ ይሄን ሁሉ ጣጣ ምን አመጣው። ሙሉ ሆኖ አልገባ ላላችሁ ግን ከ5 4 እሰጠዋለሁ፣ አንዷን ያስቀነሰችው የዴስክሪፕተሩ ነገር ናት። በሚቀጥለው 100,000 በ100,000 ልሞክር ነው፣ 80 ጊጋ ማለት ነው፣ ለአንድ ማሽን 20 ስለሚደርሰው ይገባል ብዬ አስባለሁ።