ገመዱ አላሳፈረኝም፤ ጫፉ ላይ የመጣው ተርሚናል ግን ገንዘቤን በላ

ለባለ ሸራ ጀልባዬ የኋላ ሞተር ተርሚናሉ (ብሎን ላይ የሚታሰረው የጫፍ ቀለበት) ታስሮለት የገዛሁት ወፍራም የባትሪ ገመድ ጨው ውሃ ላይ ስምንት ወር ሞላው። በሰባተኛው ወር ባለ 9.9 ፈረስ ጉልበቱ ሞተር ሲነሳ ማቃሰት ጀመረ፤ ሞተሪኖው (ማስነሻው) ልክ በድሮው ቀጭን ገመድ ጊዜ እንደነበረው ይጎተታል።

የድሮው 6 ካሬ ሚሊሜትር ነበር። ባትሪው ከሞተሩ 5 ሜትር ይርቃል፤ ደርሶ መልስ 10 ሜትር። ሞተሪኖው 80 አምፔር ገደማ ሲስብ 2.5 ቮልት ገመዱ ላይ ይባክናል። በቆርቆሮ የተለበጠ 25 ካሬ መዳብ ሲገባ ኪሳራው ወደ 0.6 ወረደ።

«ባትሪው ደክሟል፣ ቀይረው» ለሚል ሻጭ መልሱ ቴስተር ነው። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በራሱ በባትሪው ምሰሶ ላይ፣ ሌላውን ያው ገመድ በሚታሰርበት የሞተር ብሎን ላይ ይዞ ቁልፉን ማዞር። ፖዘቲቭ ገመዱ 0.3 ቮልት ብቻ በላ፤ ኔጋቲቩ 2.4! ባትሪው በዚያው ሰዓት 11.4 ይዞ ነበር።

የኔጋቲቩን ጫፍ የሸፈነው ላስቲክ ሲቀደድ ተርሚናሉ ውስጥ አረንጓዴ ዱቄት ሞልቷል። ላስቲኩ ውስጡ ሙጫ ስለሌለው ጨዋማው እርጥበት በጠርዙ ሾልኳል። ተርሚናሉም ዙሪያውን አልተጨመቀም፤ በአንድ ጎን ተጠፍጥፎ በክሮቹ መሃል ክፍተት ይታያል። አንዲት ጫፍ የወፍራሙን ገመድ ጥቅም ጠቅላላ በላችው። 3 ሳንቲሜትር ሲቆረጥ ግን ክሮቹ እንደ አዲስ ብር ያበራሉ። ያልተለበጠ መዳብ ቢሆን ጥቁረቱ በሽፋኑ ስር ርቆ ይሄድ ነበር። ለገመዱ የምሟገተው ለዚህ ነው።

ማስተካከያው ለ25 ካሬ ገመድ የሚሆን ተርሚናል፣ ስድስት ማዕዘን አድርጎ የሚጨምቅ የሃይድሮሊክ ፒንሳ፣ ውስጡ ሙጫ ያለው ሲሞቅ የሚሸበሸብ ላስቲክ ነው። ሙጫው በሁለቱም ጫፍ ብቅ እስኪል ይሞቃል። በመዶሻ መቀጥቀጥ አይሆንም፤ በሊድ ብየዳ ብቻ የተያዘንም ንዝረት ይሰብረዋል። ሲታሰር ተርሚናሉ በቀጥታ ብረቱ ላይ ይተኛል፣ ሮንዴላው ከላይ። የማይዝግ ብረት ሮንዴላ መሃል ከገባ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለማያሳልፍ ቦታው ይግላል። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ማጥፊያ መንካትም አይገባም፤ ባትሪውን የሚሞላው ክፍል ዳዮዶች ሊቃጠሉ ይችላሉ።

አሁን ኔጋቲቩም 0.3 ነው፤ ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ይነሳል። ገመዱን በሜትር ደግሜ እገዛዋለሁ። ጫፉ ታስሮ የሚሸጠውን ግን በነፃ ቢሰጡኝም አልገጥመው።