ከጅማ ወደ አዲስ አበባው ሚሊኒየም አዳራሽ «ሙሉ ጥቅል» ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቆይ አንዴ

የጅማ ልጆች፣ ይህን የምጽፈው ተበልቼ ነው። አፍሬ ዝም ልል ነበር። ግን ባለፈው ሳምንት ፈረንጅ አራዳ ቡና ስጠጣ አጠገቤ የተቀመጡ ሁለት ልጆች እኔ የተበላሁበትን የቴሌግራም ቻናል ከፍተው «ቪአይፒው ይሻላል ወይስ መደበኛው» ሲባባሉ ሰማሁና አላስቻለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዓል ሲቃረብ አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ ማስታወቂያ ወጣ። ከጅማ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ ቦሌ አካባቢ የአንድ ሌሊት አልጋ፣ ሚሊኒየም አዳራሽ የዋዜማ ኮንሰርት ቪአይፒ መግቢያ፣ ሁሉም ባንድ ላይ ለአንድ ሰው 6,800 ብር። ባለቤቴ «አንድ ቀን እንኳ ውሰደኝ» እያለችኝ ስንት ዓመቷ። የእህቴ ልጅም ይምጣ ብዬ የሦስት ሰው 20,400 ብር በቴሌብር ላክሁ። ተቀባዩ ድርጅት አይደለም፣ የግለሰብ ስም ነው። እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ። ደረሰኝ ስጠይቀው «ወንድሜ፣ ቲኬቱ ራሱ ደረሰኝ ነው» አለኝ። እኔም ዋጥኩት።

ፎቶውን ልንገራችሁ። ክብ ጣሪያ፣ መሀል ላይ የተንጠለጠለ ግዙፍ ስክሪን፣ ዙሪያውን እንደ ስታዲየም ወደ ላይ የሚወጣ ወንበር። «የእናንተ ቦታ ይኸውና» ብሎ በቀይ ከቦ ልኮልኛል፣ ረድፍና የወንበር ቁጥር ሁሉ ጽፎ። የእህቴ ልጅ ደግሞ የቅርጫት ኳስ እብድ ነው። ግቤን አልፈን ወልቂጤ ልንደርስ ስንል ፎቶውን አሳየሁት። ሳቀ። «አጎቴ፣ ይሄ እኮ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ነው፣ የኒክስ ሜዳ!» ኒው ዮርክ መሀል ያለ፣ በ1968 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ ከሥሩ የባቡር ጣቢያ ያለበት፣ ለቅርጫት ኳስ 19,812 ሰው የሚይዝ እያለ ወሊሶ እስክንደርስ ዘረዘረልኝ። ባለቤቴ መስኮት መስኮቱን ታያለች። አንዲት ቃል አልተናገረችም፣ እሱ ይብሳል።

ሚሊኒየም አዳራሽ ሌላ ነገር ነው። ለ2000 ዓ.ም. የሚሊኒየም በዓል የተሠራ፣ ያን ዓመት ቢዮንሴ የዘፈነችበት፣ በዓል ሲመጣ በባዛር የሚሞላ፣ በ2012 በኮሮና ጊዜ ደግሞ አልጋ ተደርድሮበት ሆስፒታል የሆነ አዳራሽ ነው። አንዴ ባዛር፣ አንዴ ሆስፒታል፣ አንዴ ኮንሰርት መሆን የሚችለው ሰፊ ዝርግ ወለል ስለሆነ ነው። ወንበር የሚደረደረው እንደ ዝግጅቱ ነው። ታዲያ ከወር በፊት «ረድፍ 14» ከየት መጣ? ይህን ሳሰላስል ብሬ ሄዷል።

አልጋው ቦሌ አይደለም፣ አለም ገና ነው። ከጅማ ስትገቡ ገና ከተማው ሳይጀምር ማለት ነው። ከዚያ ቦሌ በማታ ራይድ፣ መልሱም እንዲሁ፣ ከኪሳችን።

በር ላይ ሦስቱ ኪውአር ኮድ ስካን ሲደረግ የእህቴ ልጅ ብቻ አለፈ፣ እሱም በመደበኛ። የእኔና የባለቤቴ «ጥቅም ላይ ውሏል» አለ። ኮዱ ግን ሐሰተኛ አልነበረም! ሰውዬው አንድ እውነተኛ ቲኬት ገዝቶ ስክሪንሾቱን ለብዙ ሰው ይሸጠዋል። ማሽኑ አንዱን ኮድ አንዴ ብቻ ነው የሚቀበለው፣ ስለዚህ ቀድሞ የደረሰ ይገባል፣ የቀረው ከጥበቃ ጋር ይጨቃጨቃል። እኛ አጠገብ ብቻ ልክ እንደ እኛ የሆኑ አምስት ሰዎች ቆመው ነበር። በሩ ላይ ያሉት ልጆች ምን ያድርጉ? እነሱም አዳራሹም ምንም አላጠፉም። በመጨረሻ ሁለት መደበኛ ቲኬት እዚያው በ1,200 ብር ገዝተን ገባን።

ሂሳቡን በኋላ ሠራሁት። ከመናኸሪያ በአውቶቡስ ሄጄ፣ እዚያው ቦሌ አልጋ ይዤ፣ ቲኬቱን በር ላይ ብገዛ የከፈልኩትን ግማሽ አልጨርስም ነበር። «ቅናሽ» የተባለው ይኼ ነው።

ስደውልለት መጀመሪያ «ኔትወርክ ነው» አለ፣ ከዚያ ብሎክ አደረገኝ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል፣ ለጉዳቱም ካሳ መጠየቅ ይችላል። ግን እኔ በእጄ ያለው የግለሰብ ስምና የጠፋ ቻት ነው፣ ማንን ልክሰስ? እናንተ ቢያንስ ቻቱንና የክፍያ መልእክቱን ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ። ብር ከመላካችሁ በፊት የኮንሰርቱ አዘጋጅ ራሱ ቲኬቱ የት እንደሚሸጥ የጻፈውን አንብቡ። አልጋውን ስሙን ተቀብላችሁ ራሳችሁ ደውሉ። ፎቶውንም ጎግል ላይ ፈልጉት፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ትናንት ማታ የእህቴ ልጅ አዲስ ማስታወቂያ ላከልኝ። የቻናሉ ስም ሌላ፣ ስልኩ ሌላ፣ ዋጋው 7,500 ገብቷል። ፎቶው ያው የኒው ዮርኩ ነው።