ሰሜን ተራሮች ወይስ ባሌ? ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ከዓመታት በፊት፣ በየካቲት ወር፣ የሰሜን ተራሮች የሦስት ቀን ፓኬጅ ገዛሁ። የሸጠልኝ ሰው ባሳየኝ ፎቶ ላይ የጅንባር ፏፏቴ ከገደሉ አፋፍ እንደ ነጠላ ተዘርግቶ ይወርዳል። ከቦታው ስንደርስ አስጎብኚው በጣቱ አመለከተን። እኔ ያየሁት ድንጋዩ ላይ የቀረች እርጥብ መስመር ብቻ ነው። «ውሃውስ?» ስለው፣ «የካቲት ነው እኮ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ሰው «ሰሜን ይሻላል ወይስ ባሌ?» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ዕረፍቱ በየትኛው ወር እንደሆነ ነው። ሁለቱም ያምራሉ፤ በዚህ አንከራከር። የሁለቱ ክረምት ግን አንድ አይደለም፣ መንገዳቸውም ለተለያየ ጉልበት ነው።

ወሩ

ሰሜን ላይ ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ስለዚህ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ወርቅ ነው። ተራራው አረንጓዴ ነው፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ጅንባርም ከ500 ሜትር በላይ ወደ ግጭ ገደል ይወረወራል። ፏፏቴውን ለማየት ከመኪናው መንገድ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። ከታኅሣሥ በኋላ ሣሩ ቢጫ ይሆናል፣ አቧራውም ይጨምራል። እይታው አሁንም ግሩም ነው፤ ለፏፏቴ ብላችሁ ከሆነ ግን አትሂዱ።

የባሌ ዝናብ ረዥም ነው። ከመጋቢት ይጀምርና መሃል ላይ ጋብ እያለ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ባሌን በእግር ለመዞር የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ለፋሲካ ዕረፍት ባሌን የሚያቅድ ሰው ጭቃ ለመግዛት ቀብድ እየከፈለ ነው። ለገና ወይም ለጥምቀት ከሆነ ግን እኔ ባሌን እመርጣለሁ። ጎንደር ላይ ጥምቀትን ማየት ከፈለጋችሁ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ አልጋ ቀድማችሁ ያዙ።

እግሩ

ሰሜን የገደል ዳር ጉዞ ነው። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ ደባርቅ ትገባላችሁ። የፓርኩ ቢሮ እዚያ ነው፤ ክፍያ፣ አስጎብኚና ስካውት (መሣሪያ የያዘ የፓርኩ ጠባቂ) ሁሉ እዚያ ያልቃል። የተለመደው መንገድ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ ካምፖች ነው፤ ሦስት ወይም አራት ቀን ይፈጃል። ሁልጊዜ በአንድ ጎናችሁ ገደል አለ። እሜት ጎጎ (3,926 ሜትር) ላይ ስትቆሙ ሦስቱም አቅጣጫ ገደል ነው። ከፍታ የሚያዞራችሁ ከሆነ ይህን ቀድማችሁ አስቡበት። እኔ ራሴ መጨረሻዎቹን ሜትሮች በአራት እግሬ ነው የሄድኩት፤ ፎቶውን ግን ቆሜ ተነሣሁ።

«ራስ ደጀንን ሳልወጣማ አልመለስም» የሚል ሰው ከቡድኑ አይጠፋም። የኢትዮጵያ ጣሪያ ነው፣ ከ4,500 ሜትር በላይ። ግን ልንገራችሁ፤ ድካሙ ያለው ጫፉ ላይ ሳይሆን መንገዱ ላይ ነው። ከጨነቅ ተነሥታችሁ በቧሂት ተራራ በኩል ትሻገራላችሁ። ከዚያ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ መሸሃ ወንዝ ትወርዱና እንደገና ወደ አምቢቆ ትወጣላችሁ። ስትመለሱ ያው ዳገት ይጠብቃችኋል። ጉልበታችሁ ቁልቁለት የማይወድ ከሆነ፣ ጨነቅ ላይ ቆማችሁ ዋልያ እያያችሁ ሻይ ጠጡ። ምንም አይቀርባችሁም።

ባሌ ተቃራኒው ነው። አንዴ ከወጣችሁ በኋላ ሜዳው ሰፊ ነው። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ዲንሾ መነሻችሁ ናት። ከዚያ በወብ ሸለቆ ወደ ፊንጫ ሀበራ ፏፏቴ ይኬዳል። ፏፏቴው ከጅንባር ጋር ቢወዳደር ድንክ ነው። ግን ከሩቅ አፋፍ አይደለም የምታዩት፤ አጠገቡ ድንኳን ተክላችሁ ድምፁን እየሰማችሁ ታድራላችሁ። እዚያው አካባቢ፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች የኖሩበት የድንጋይ መጠለያ አለ። ጥናቱ የወጣው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። ምግባቸው በአብዛኛው ዛሬም ሣሩ ውስጥ ሽው ሲሉ የምታዩዋቸው ትልልቅ ፍልፈሎች ነበሩ። እኔ በሶዬን በጥብጬ ስጠጣ እነሱን እያሰብኩ ነበር፤ ዕድለኛ ነን።

ሸክሙን በሰሜን በቅሎ፣ በባሌ ፈረስ ይሸከማል። ባሌ ላይ ከአራት እስከ ስድስት ቀን መሄድ ይቻላል። መሄድ ለማይችል ግን ባሌን የሚስተካከል የለም። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው የመኪና መንገድ በቀጥታ ከ4,000 ሜትር በላይ ባለው በሳነቴ አምባ ላይ ያልፋል። ቱሉ ዲምቱ (4,377 ሜትር) ጫፍ ድረስ እንኳ መኪና ይወጣል። ከአምባው ማዶ መንገዱ ወደ ሀረና ጫካ ቁልቁል ይወርዳል። ጠዋት ውርጭ ላይ ጃኬት ደርባችሁ ትንቀጠቀጡና፣ ከሰዓት ጫካ ውስጥ በሸሚዝ ሆናችሁ የዱር ቡናና የሀረና ማር ትቀምሳላችሁ። እናት ወይም አባት ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህ አንዱ ቀን ብቻ ዋጋ አለው።

እንስሳቱ

ጭላዳ ለማየት ሰሜን። በመቶ የሚቆጠር መንጋ ሣር እየነጨ አጠገባችሁ ይቀመጣል፤ መኖራችሁንም ከቁጥር አያስገባም። ዋልያ ደግሞ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም የትም የለም።

ቀይ ቀበሮ ለማየት ባሌ። በዓለም ላይ ካሉት ከግማሽ በላይ የሚኖሩት እዚያ ነው፤ ሳነቴ ላይ ከመኪና ሳትወርዱም ልታዩት ትችላላችሁ። ሰሜንም አለ፣ ግን ዕድል ይጠይቃል። የደጋ አጋዘን ደግሞ ዲንሾ ፓርክ ቢሮው ጓሮ ውስጥ ከከርከሮ ጋር ሲንጎራደድ ታገኙታላችሁ።

ሁለቱም የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ናቸው። ሰሜን ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ባሌ ገና በመስከረም 2016 ዓ.ም.። ሻጭ ይህን መዝገብ እንደ ዋጋ መጨመሪያ ሲያነሣባችሁ ፈገግ በሉ።

ገንዘቡ

ቁጥር አልጽፍም፤ ዋጋው ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። አሠራሩን ግን እወቁ። መኪና፣ አስጎብኚና ስካውት የሚከፈለው በቡድን ነው እንጂ በነፍስ ወከፍ አይደለም። ሁለት ሆናችሁ ብትሄዱና ስድስት ሆናችሁ ብትሄዱ የእነሱ ክፍያ ያው ነው። ስለዚህ ጓደኛ ሰብስቡ። ሰሜን ላይ ስካውት ግዴታ ስለሆነ «እሱን ቀንሱልኝ» ብሎ ክርክር አይሠራም።

ቀብድ ከመላካችሁ በፊት እነዚህን በጽሑፍ አስመልሱ። የፓርኩ መግቢያ ክፍያ ዋጋው ውስጥ ተካቷል? ድንኳንና ስሊፒንግ ባግ አለ? የበቅሎ ነጂውን የመመለሻ ቀን ሒሳብ ማን ይከፍላል? ምግብ አብሳይ አለ ወይስ ራሳችን ነን? እና የእኔ ጥያቄ፦ ይህ ፎቶ በየትኛው ወር ነው የተነሣው?

መንገዱና ብርዱ

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት የጎንደርና የደባርቅ መንገድ ሁኔታ ይለዋወጣል። ባሌም ቢሆን ሳይጠየቅ አይኬድም። በሚሸጥላችሁ ሰው ቃል ብቻ አትሂዱ፤ እዚያው ከተማ የሚኖር ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። ጉዞው ቢሰረዝ ቀብዱ ይመለስ እንደሆነም ቀድማችሁ ተስማሙ።

ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የምትመጡ ደግሞ ከአውሮፕላን ወርዳችሁ በማግስቱ ተራራ አትውጡ። አዲስ አበባ ላይ ሁለት ሦስት ቀን እደሩ። የአዲስ አበባ ሰው በ2,300 ሜትር ላይ ስለሚኖር ትንሽ ይቀለዋል፤ ያም ሆኖ ራስ ምታቱ አይቀርለትም። ከበድ ካለና ማስመለስ ከመጣ አትግደርደሩ፣ ወደ ታች ውረዱ።

ሌሊቱ በሁለቱም ቦታ ውሃ ያረጋል። ሳነቴ ግን ይብሳል፣ ነፋሱን የሚያቆም ነገር የለማ። ጋቢ ከስሊፒንግ ባጉ በላይ ደርቡ፣ የስልካችሁን ባትሪም ይዛችሁት ተኙ፤ ብርዱ ባትሪ ይጨርሳል። ቆሎ በኪስ፣ በሶ በሻንጣ። ካልሲ ከምታስቡት በላይ ያዙ።